የሐሊማ ፋይል

አሶሳ ወርዳችሁ «ሰይድ ኮምፒውተር የት ነው?» ብትሉ ባለባጃጁ ሁሉ ያውቀኛል። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ የቀርከሃውን ጫካ መንጥሮ ማሽላ ሲዘራ ያረጀ ገበሬ ነው። እኔ ማረሻውን ትቼ ኪቦርድ ያዝኩ። ከፎቶ ኮፒና ከጽሕፈት ተነስቼ ለመሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ እስከ መዘርጋት ደረስኩ፤ ስደርስ ደግሞ አፌ ከእጄ ቀደመ። ጉረኛ ነበርኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ቫይረስ አስቸግሮት የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ «እኔ እያለሁ?» ነበር የምለው።

ያን ጊዜ የምኮራበት አንድ ሲስተም ነበረኝ። በእንግሊዝኛ ስሙ ስጠራው ደንበኛ ስለሚፈራው በድስትና በሳህን ነበር የማስረዳው። «ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ሳህን ነው፤ ወጡ ያለው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ በተቀመጠው ድስት ነው» እላለሁ። ድስቱ ሰርቨሩ ነው። የሃያ ሰው ኮምፒውተር በሙሉ እሱ ውስጥ ይኖራል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና ትንሽ ሳጥን ብቻ ነው። ሌባ ቢሰርቀው አንዳች አያገኝበትም። ፍላሽ ቢሰኩበት አይቀበልም። ቫይረስ ከገባም አንድ ቁልፍ ተጭኜ የሁሉንም ገጽ እንደ መጀመሪያው ቀን ንጹሕ አደርገዋለሁ። የሆቴል አልጋ በሉት፤ እንግዳው ሲወጣ አንሶላው ተነስቶ ሌላ ይነጠፋል። እንግዳው ትራስ ሥር የረሳው ነገር ካለም አብሮ ይጠረጋል። ይህችን የመጨረሻዋን ግን ስሸጥ ጮክ ብዬ አልናገራትም ነበር።

ሲስተሙን ከገዙኝ መካከል አንድ የዕርዳታ ድርጅት ቢሮ ነበር። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ጾሬና ሸርቆሌ ካምፕ የገቡ ሰዎችን ከጠፉባቸው ዘመዶች ጋር ያገናኛል። ኃላፊው አቶ ጌታሁን ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። «የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰው ያስገድላል» ይሉ ነበር። ስለዚህ በደብተር የተያዘው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ከተጻፈ በኋላ ግቢው ውስጥ ባለ በርሜል ይቃጠላል። የእኔን ሲስተም የወደዱትም ለዚሁ ነው፤ የሚሰረቅ ነገር የለውማ።

ደብተሩን የምትይዘው ሀዋ ነበረች። ሀዋ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ የተወለደች የበርታ ልጅ ናት፤ የስደተኛውን ታሪክ በበርታኛና በዓረብኛ ሰምታ በአማርኛ ትጽፋለች። ስትናገር ግን አማርኛዋ ውስጥ ሴት የለም። እናቷንም፣ ላሟንም፣ ራሳቸውን አቶ ጌታሁንንም «እሱ» ነው የምትለው። እኛ እንስቃለን፣ እሷም አብራን ትስቃለች።

አንድ ቀን ጠራችኝ። ጽሑፎቻችሁን አስቀምጡበት ያልኩት የጋራ ማስቀመጫ፣ ዜድ የሚባለው፣ ሞልቶ አልቀበል ብሏታል።

«ሰይድ፣ እምቢ አለ» አለችኝ።

«ለጊዜው ዴስክቶፑ ላይ፣ እዚሁ ፊት ለፊትሽ አድርጊው። ሰፋ ያለ ዲስክ ስገጥም እኔው ራሴ አዛውረዋለሁ።»

«አይጠፋም?»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት፤ ሳቀች፣ አስቀመጠች።

አዲሱን ዲስክ ገጠምኩ። ማዛወሩን ግን ረሳሁት። ወላሂ ረሳሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር ሰው ከሲስተሙ ሲወጣ ወይም ሰርቨሩ ሲታደስ እንደሚጠረግ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለወራትም ምንም አልጠፋም፤ ምክንያቱም በዚያ ቢሮ ማንም ከሲስተሙ ወጥቶ አያውቅም። ማታ ስክሪኑን ብቻ ያጠፋሉ፣ ጠዋት ሲያበሩት ሥራቸው እንደተዉት ይጠብቃቸዋል። «የሰይድ ማሽን አይረሳም» ይባል ነበር። እኔም እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ዝም እላለሁ።

ከዚያ ትልቁ ደንበኛ መጣ። ወደ ግድቡ መስመር የሚሠራ አንድ ተቋራጭ ሲስተሙን በዕርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ሥራ ላይ ሆኖ ማየት ፈለገ፤ ማክሰኞ ሰው እልካለሁ አለኝ። ሰርቨሩ ደግሞ በዚያው ሰሞን እንደ አሮጌ በቅሎ መጎተት ጀምሯል። እሑድ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ዘበኛውን አስከፍቼ ገባሁና ያቺን ቁልፍ ተጫንኩ። ሃያው ገጽ በሙሉ ታጥቦ ወጣ። ላይ በላዩ ለእንግዶቹ የማሳያቸውን ከባድ ከባድ ቪዲዮ ሁሉ ገለበጥኩበት። እያፏጨሁ ነበር። ማሽኑ እንዴት እንደፈጠነ ብታዩ!

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ።

«ሰይድ፣ የት ነህ?»

«ሱቅ ነኝ፣ ሀዋ። ምነው?»

«ና። ፋይል የለም።»

«የቱ ፋይል?»

«ሁሉም።»

ምን እንደሠራሁ ቢሮው ሳልደርስ ነው የገባኝ። ስደርስ ሀዋ ባዶ ሰማያዊ ገጽ ፊት ለፊት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሌላው ይቅር» አለችኝ፤ «የሐሊማን ብቻ ስጠኝ። ልጁ ዛሬ ይመጣል።»

«የትኛዋ ሐሊማ?»

ነገረችኝ። ሐሊማ ከሱዳን ስትሸሽ ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቋ ሱዓድ በግርግሩ ሌላ መኪና ላይ ተሳፍራ ጠፋች። ትንሹ ወንድ ልጅ በመንገድ ላይ ታሞ መሄድ ሲያቅተው እናትየዋ አንድ መንደር ውስጥ ለአንዲት ሴት አደራ ሰጠችው። ጾሬ ደርሳ ራሷ ታመመች። ከመሞቷ በፊት ክሊኒክ አልጋ ላይ ሆና ለሀዋ ሁሉን ተናገረች፦ የመንደሩን ስም፣ የሴትየዋን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ የቤቱን ምልክት። አካባቢው ጦርነት ስለነበረበት ማንም ሊሄድ አልቻለም፤ ቃሏ መንገድ እስኪከፈት ይጠበቅ ተባለና ተጻፈ። ደብተሩ ተቃጠለ። አሁን መንገዱ ተከፍቷል፣ ሱዓድም ሸርቆሌ ካምፕ ውስጥ ተገኝታለች። እናቷ መሞቷን ሰምታ አልቅሳ ጨርሳለች፤ ዛሬ የምትመጣው ወንድሟ ያለበትን ልትሰማ ነው።

«ሚኒባሱ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል» አለች ሀዋ።

በዚህ መካከል አቶ ጌታሁን ብቅ አሉ። «ምን ተፈጠረ ሰይድ?»

አፌ አላመነታም። «መብራቱ ነው አቶ ጌታሁን። የሰሞኑ መብራት ሰርቨሩን መትቶታል።» አሶሳ ውስጥ በመብራት ያልተላከከ ጥፋት የለም፤ ማንም አይጠራጠርም።

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል፣ አያስቡ።»

ሀዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ሰርቨሩ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በመጀመሪያ ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ሮጥኩ። በየቀኑ ከሁሉም ነገር ቅጂ ይወስዳል፤ ከዴስክቶፖቹ በስተቀር። ቦታ ይፈጃሉ ብዬ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ በዚሁ እጄ። አዲስ አበባ ያለውን፣ ሙያውን ያስተማረኝን ጓደኛዬን ደወልኩለት። ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ካጸዳኸው በኋላ ላዩ ላይ የጻፍክበት ነገር አለ?»

«ቪዲዮ... ብዙ ቪዲዮ ገልብጬበታለሁ።»

«ሰይዶ፣ እውነቱን ልንገርህ?»

«አትንገረኝ!» ብዬ ጮህኩበት። «የሚደረገውን ብቻ ንገረኝ።»

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አስጫነኝ። አስጀመርኩት። መቶኛው እየቆጠረ ይወጣል፣ ግን አወጣጡ! ሦስት ላይ ቆሞ ቆሞ አራት ይላል። የተቋራጩ ሰው ደወለ፤ ስሙን ስክሪኑ ላይ እያየሁ አላነሳሁም። ከሳምንት በፊት ቢሆን ስልኩን በጥርሴ ነበር የማነሳው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሀዋ ሻይ ይዛልኝ ገባች። አልሄደችም፤ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«ሀዋ፣ እስቲ አስታውሺ። አንቺ ነሽ የሰማሻት። ሴትየዋ ማን ነበረች?»

«ስሙ አምና ነው።»

«አምና ማን?»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ስም አለች፤ ወዲያው «አይደለም፣ እሱ የሌላ ሰው ነው» አለች። ሌላ ስም አለች፤ እሱንም ተወችው። መንደሩን ስጠይቃት ሦስት መንደር ጠራችልኝ፤ ሦስቱም ከሌሎች ሰዎች ታሪክ የመጡ መሆናቸውን ራሷ ነገረችኝ።

«ስንት ሰው ሰማሁ፣ ሰይድ» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም ልጅ ጥሎ መጣ። ሁሉም መንደር አምና የሚባል አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ ዛፍ አለ። እኔ ስጽፍ እረሳለሁ። ጽፌ ካልረሳሁ እንዴት ቤት ሄጄ ልጆቼ ጋር እበላለሁ?»

ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮግራሙ ጨረሰ። ያወጣቸው ፋይሎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ሀዋ አጠገቤ ቆማ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ፊደሉ ፈርሶ ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው። ሁለተኛውም ሳጥን። እየከፈትኩ «ቢስሚላህ» እላለሁ፣ ሳጥን። አንዱ ግን ጥርት ብሎ ተከፈተ! አማርኛ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ይነበባል። ሀዋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አነበብነው። የመኪና ነዳጅ መጠየቂያ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ሁሉ የሰው ቃል መካከል የተረፈው እሱ ነው። ሳቅ አመለጠኝ፤ እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሀዋ እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች።

ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ ሱዓድ መጣች። ሃያ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም፤ ቀጠን ያለች፣ በሱዳን ሴቶች ልማድ ቶብ የተጠቀለለች ልጅ ናት። በስስ ፌስታል አንድ የልጅ ሸሚዝ ይዛለች። ከመናኸሪያው ስትመጣ ከመንገድ ላይ ገዝታው ነው። ሸሚዙን አውጥታ ለሀዋ አሳየቻትና በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። እኔ «ምን አለች?» አልኩ።

«ይበቃዋል ወይ፣ አለ።»

አቶ ጌታሁን ክፍል ገብተን ተቀመጥን። እሳቸው ሁኔታዬን አይተው ቀድመው ገብቷቸዋል። «አልተመለሰም?» አሉኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። «ግን እኮ መብራት ቢመታው እንኳ ዜድ ላይ ያለው አለ፤ እኔ ዛሬም ከፍቼዋለሁ። የሐሊማ ለምን እዚያ የለም?»

ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።» አፌ ውስጥ ነበር። ማክሰኞ የሚመጣው ደንበኛም እዚያው አፌ ውስጥ ነበር።

ሀዋ ወለሉን እያየች «ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩ» አለች።

«ከደንቡ ውጪ?»

«አዎ።»

አቶ ጌታሁን ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ ዝም አልኩ። አንባቢዎቼ፣ ሰው ተራብኩ፣ ተደበደብኩ፣ ሞትን አየሁ ብሎ ገጠመኙን ይጽፍላችኋል፤ የእኔ ገጠመኝ ይህ ዝምታ ነው። ምናልባት እስከ አስር ቢቆጠር ነው። ዕድሜዬ በእሱ ለሁለት ተከፈለ።

ሱዓድ አማርኛ አትሰማም፤ የሦስታችንንም ፊት በየተራ ታያለች። በመጨረሻ ጠየቀች። ሀዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ማሽኑ ታመመ ወይ፣ ይላል።»

ልጅቷ ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እጅጌውን ታስተካክላለች። አላስቻለኝም። «እየጠገንኩት ነው በያት። ይሠራል።»

«ልበለው?» አለችኝ ሀዋ፤ ድምፅዋ ሌላ ነበር።

«በያት።»

አለቻት። የሱዓድ ፊት በራ። ተነስታ በሁለት እጇ እጄን ጨበጠች፣ ደጋግማ ዱዓ አደረገችልኝ። ሸሚዙን አጥፋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ወደ ሸርቆሌ በሚመለሰው ሚኒባስ ሄደች።

ማክሰኞ የተቋራጩ ሰዎች መጡ። ሰርቨሩ ይበር ነበር። «በጣም ንጹሕ ነው» ብለው አደነቁ። ሥራውን ሰጡኝ፤ ወስጄ ሠራሁ፣ ተመሰገንኩ፣ ሱቄንም አስፋሁ። የሀዋ ውል ሲያልቅ አልታደሰም። ይህን ስጽፍላችሁ እያፈርኩ ነው፤ ግን ሐፍረቴን ሳልነግራችሁ የቱን ልነግራችሁ?

ሱዓድ በወሩ ሱቄን አፈላልጋ መጣች። ሁለት የአማርኛ ቃል ተምራለች። «ማሽን ተሠራ?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «ቡክራ?» አለች፤ ነገ ማለቷ ነው። «ቡክራ» አልኳት። በሚቀጥለውም ወር መጣች። በሚቀጥለውም። ሁልጊዜ ሳቅ ብላ ነው የምትገባው፣ ሁልጊዜ በሩ ጋ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ተይ ብላት እምቢ ትላለች።

አንድ ቀን አቶ ጌታሁን መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ሰይድ፣ ያቺን ልጅ ምን ብለሃት ነው? አዲስ ፍለጋ እንጀምር፣ የምታውቂውን ንገሪን፣ መንደር ለመንደር እናስጠይቅ ብንላት አሻፈረኝ አለች። የእናቴ ቃል ማሽኑ ውስጥ አለ፣ ባለሙያው ነግሮኛል ትላለች። መንገዱ ተመልሶ ሳይዘጋ...» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ።

በዚያው ወደ ሀዋ ቤት ሄድኩ። ደጇ ላይ ማንጎ በሳፋ ደርድራ ትሸጣለች። ቁጭ በል አላለችኝም፤ እኔው ቁጭ አልኩ።

«ሀዋ፣ ለጊዜው እዚህ አስቀምጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መብራትም አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ዘበኛው እሑድ መምጣትህን ነገረኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

አንዱን ማንጎ አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። «አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ» አለችኝ።

እንደዚያ ያለ ዱላ ቀምሼ አላውቅም። ለአቶ ጌታሁን ሁሉን እንደምናዘዝ ነገርኳት፤ ነገርኳቸውም። የሀዋን ቦታ ሌላ ሰው እንደያዘው ብቻ ነገሩኝ። ለሱዓድ ግን ማን ይንገራት? ሀዋን አብረሽኝ ነይ፣ አስተርጉሚልኝ ብዬ ለመንኳት።

«አይሆንም» አለች። «በእኔ አፍ ዋሸህ። እውነቱን በራስህ አፍ ንገር።»

አሁንም ሲስተሙን እሸጣለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ትራስ ሥር የተረሳ ነገር እንደሚጠረግ ግን ከሁሉ በፊት እናገራለሁ፤ የሚሸሽ ደንበኛ ይሽሽ። ቢሮ ያላችሁ፣ ሥራችሁን ለእንደ እኔ ዓይነቱ አደራ የሰጣችሁ ሰዎች፣ «የት ነው የተቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢሰለቸውም ጠይቁት፣ ቢቆጣም ጠይቁት። በሙያችሁ የምትታመኑ ደግሞ፣ ሙያውን የማያውቅ ሰው አምኗችሁ ሲስቅ ስታዩ ፍሩ። እኔ ሳልፈራ ቀርቼ ነው። ይህን ብላችሁ ከዚያ ወዲህ ደህና ሰው የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የተበላሸው አልተጠገነም።

ከሀዋ ቤት በተመለስኩ ሰሞን ሱዓድ እንደ ልማዷ መጣች። ጫማዋን አወለቀች። «ማሽን ተሠራ?»

ገበያ ላይ የለቀምኩትን ዓረብኛ ሌት ተቀን ሳጠና ሰንብቻለሁ፤ ሲደርስ ግን የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው፦ «ማፊ። ፋይል ማፊ። ኸላስ።» የለም፣ አልቋል።

ሳቋ እዚያው ፊቷ ላይ ቆመ። «ቡክራ?» አለች።

«ቡክራ ማፊ።»

ጮኻ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። የቀርከሃ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። በተሰባበረ አማርኛ «መቼ ጠፋ?» አለችኝ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም። መጀመሪያ ከመጣችበት ቀን በፊት፣ ያኔውኑ ጠፍቶ እንደነበር በእጄም በአፌም አስረዳኋት። ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ወደ እኔ አላየችም፤ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ስትመላለስ የኖረችባቸውን ወራት በጣቶቿ አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። አንዱ እጅ አልቆ ወደ ሁለተኛው ተሻገረች።